ድመታችሁ ላፕቶፕና ዲኮደር ላይ መተኛት ከወደደች፦ ሙቀት ሳትነፍጓት ከአደጋ የምትጠብቁበት ዝርዝር መመሪያ

ሚሚ የቴሌቪዥኑ ዲኮደር ላይ መተኛት የጀመረችው ገና ግልገል ሳለች ነው። ሳጥኑን በሆዷ ትሸፍነዋለች፣ ጅራቷን በመደርደሪያው ጠርዝ ቁልቁል ትለቀዋለች፣ ከዚያ ለሰዓታት አትነቃም። ሳያት ደስ ይለኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ “እስቲ እዩዋት” እያልኩ አሳይ ነበር።

አንድ ማታ ጭኔ ላይ ተንጋላ ሆዷን ስዳብሳት ጣቴ ሻካራ ነገር ነካ። ፀጉሯን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ቀልታለች። ፀጉሩ ሳስቷል፣ ቆዳው ደርቆ ቅርፊት ቅርፊት ብሏል። ስነካት አልጮኸችም፣ እግሯንም አልሰበሰበችም። የእንስሳት ሐኪሙ አይቷት የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ “በየቀኑ የምትተኛበት የሚሞቅ ነገር አለ?”

ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሞከርኩ፤ አንዳንዱ ሠራ፣ አንዳንዱ ከሸፈ። በመጨረሻ የገባኝ ይህ ነው፦ ድመቷ የምትፈልገው ዕቃውን አይደለም፣ ሙቀቱን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተሻለ ሞቃት ቦታ ስጧት። አደገኛውን ከዚያ በኋላ ዝጉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ከአንዱ ስታወርዷት ሌላው ላይ ትወጣለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ይባል የለ።

ሙቀት ላይ ሙጭጭ የምትለው ለምንድን ነው?

የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሰውነቷ ራሱን ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ ሳይደክም የሚያርፈው የአካባቢው ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ነው። እኛ ልብስ ለብሰን 22 ዲግሪ የሆነ ክፍል ውስጥ ተመችቶን እንቀመጣለን። ያው ክፍል ለእሷ ይቀዘቅዛታል። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ አገሮች ከሚኖረው የዱር ድመት ነውና ሙቀት መውደድ በደሟ አለ። በዚያ ላይ በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ለዚህ ሁሉ እንቅልፍ ሞቃት መኝታ ብትፈልግ አይፈረድባትም።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አምስት ድመቶች በረዶ መሀል አንድ የስታርሊንክ ሳተላይት ሳህን ላይ ተጠጋግተው የተኙበት ፎቶ ዓለምን ዞሮ ነበር። ሳህኑ የሚያርፍበትን በረዶ ለማቅለጥ ራሱን ያሞቃል። ድመቶቹ ያችን ሙቀት በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ፈልገው አገኟት። የእናንተዋም ቤት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሞቃት ነገር ከእናንተ ቀድማ ታውቀዋለች።

ችግሩ ቆዳዋ ነው። ሰው ቆዳው 44 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያመዋል፣ እጁን ይሰበስባል። ድመት ግን 50 ዲግሪን እስኪያልፍ ድረስ የመረበሽ ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ቆዳ ደግሞ የሚቃጠለው በሙቀቱ መጠን ብቻ ሳይሆን በቆይታውም ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የታተመ በሰውና በአሳማ ቆዳ ላይ የተደረገ ጥናት 44 ዲግሪ የሆነ ነገር ለ6 ሰዓት ያህል ቆዳ ላይ ከቆየ እንደሚጎዳው አሳይቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ዓይነት ነው። ድመቷ እየተመቻት፣ እያንኮራፋች ትቃጠላለች። ስለዚህ “ቢያቃጥላት ትነሣ ነበር” ብላችሁ አትዘናጉ። ፈራጁ የእናንተ እጅ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ሁለት ቀን ተከታተሏት

ምንም ሳትቀይሩ ሁለት ቀን ብቻ እዩዋት። ጠዋት የት ነች? ማታ ሲበርድስ? እናንተ ስትወጡ ወዴት ትሄዳለች? በዓይን ያላያችኋትን ቦታ ፀጉሯ ይነግራችኋል። ዕቃው ላይ የተጋገረ ፀጉር ካለ እዚያ ታዘወትራለች ማለት ነው።

ላፕቶፕ፣ ራውተር፣ ዲኮደር፣ የጌም ማጫወቻ፣ ፕሪንተር፣ የፍሪጅ አናትና ጀርባ፣ የጠረጴዛ መብራት፣ የቻርጀር ሳጥን፣ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፤ እነዚህን ሁሉ እየዞራችሁ ዳብሱ። “አጥፍቼዋለሁ” የምትሉት ዕቃ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሊሞቅ ይችላል። የእኔ ዲኮደር በሪሞት ከጠፋ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ነበር የሚያድረው። ሚሚ ያወቀችውን እኔ ለማወቅ ዓመት ፈጀብኝ።

ደረጃ 2፦ ሙቀቱን እሷ ከተኛችበት በኋላ ለኩ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ባዶውን ራውተር ነክቶ “ምንም አይልም” ይላል። ድመት ስትተኛበት ግን የአየር ማስወጫ ቀዳዳው በፀጉርና በሆድ ይደፈናል። መውጫ ያጣው ሙቀት ከሥሯ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት እስክትተኛ ጠብቁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንሷትና ሆዷ ያረፈበትን ቦታ ወዲያው ንኩት።

የምትነኩት በእጃችሁ ጀርባ ወይም በእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል ይሁን። መዳፍ ሥራ ያጠነከረው ስለሆነ ያታልላል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳታነሱ ያዙት። ለብ ያለና ደስ የሚል ከሆነ ችግር የለውም። በመሀል “በቃኝ” የሚያሰኝ ከሆነ ያ ቦታ ለመኝታ አይሆንም። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር (ዕቃውን ሳይነካ ከርቀት ሙቀት የሚለካ) ካላችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ከ40 ዲግሪ በታች ከሆነ ተዉት። ከ40 እስከ 44 ከሆነ ለአጭር እረፍት እንጂ ለሌሊት እንቅልፍ አይሁን። ከ44 በላይ ከሆነ ዝጉት። ዕቃው የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ ቴርሞሜትሩ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ትንሽ ቆዩና እላዩ ላይ ለኩ።

ደረጃ 3፦ የተሻለ መኝታ አዘጋጁላት

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በጣም ቀላሉ የካርቶን ሳጥን ነው። ካርቶን ሙቀት ይይዛል፣ ጎኖቹ ንፋስ ይከላከላሉ፣ ድመት ደግሞ ጠበብ ያለ ቦታ ነፍሷ ነው። ተጠቅልላ ስትተኛ ጎኖቿን የሚነካት ያህል መጠን ምረጡ። ከታች የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ደግሞ የለበሳችሁት ያልታጠበ ሹራብ አድርጉበት። ላፕቶፑን የምትወደው ግማሹ በእናንተ ጠረን ምክንያት ነው።

ቦታው ከሳጥኑ ይበልጣል። እኔ የሚሚን ሳጥን መጀመሪያ ክፍሉ ጥግ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። መጣች፣ አሸተተች፣ ተመልሳ ዲኮደሩ ላይ ወጣች። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ከዚያ ሳጥኑን አንስቼ መደርደሪያው ላይ፣ ከዲኮደሩ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ አደረግኩት። በሦስተኛው ቀን ገብታ ተኛች። ድመት ከፍ ያለ ቦታና ቤቱን የምታይበት አቅጣጫ ትፈልጋለች። ላፕቶፕ ላይ የምትተኛ ከሆነ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን አድርጉት። ከእናንተ መራቅ አትፈልግም።

ሙቀት ለመጨመር ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የሙቅ ውሃ ከረጢት ነው። የፈላ ውሃ አትጨምሩበት፤ ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውሃ ይበቃል። በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት። ሲቀዘቅዝ አውጡት፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ ውሃ በተራው ከሰውነቷ ሙቀት ይስባል።

ሁለተኛው ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ ማሞቂያ ምንጣፍ ነው። ሲገዙ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር፣ 38 ወይም 39 ዲግሪ አካባቢ የሚቆም፣ ገመዱ በጥርስ እንዳይበጠስ የተሸፈነ መሆኑን እዩ። የመኝታውን ግማሽ ብቻ ይሸፍን። ሲበዛባት ወደ ቀዝቃዛው ግማሽ መሸሽ መቻል አለባት። ለሰው ወገብ የሚደረገውን ማሞቂያ ግን አትስጧት። ለእሷ በጣም ይሞቃል፣ ጥፍሯም ውስጡ ያለውን ሽቦ ይደርስበታል።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ የራሷን የሰውነት ሙቀት መልሶ የሚሰጣት ምንጣፍ ነው። ለጤነኛና ለወጣት ድመት ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል።

አንስታችሁ ውስጥ አታስገቧት። በግድ የተቀመጠችበትን ቦታ ትጠላዋለች። የምትወደውን ምግብ ቁራሽ እዚያ ጣል አድርጉና ተዉት። ራሷ ስትገባ አትንኳት፣ አትጥሯት፣ ፎቶም ይቆይ።

ደረጃ 4፦ አሁን ዕቃውን በየተራ አስተካክሉ

ላፕቶፕ። ብዙ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት በሆዳቸው፣ የሚያስወጡት በጎን ወይም በማጠፊያው በኩል ነው። አልጋ ላይ አድርጋችሁት ድመት ከላይ ስትተኛበት ታች ብርድ ልብሱ ይደፍነዋል፣ ላይ እሷ ትደፍነዋለች። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። ካልበረደለት ይጠፋል። በዚያ ላይ ጎልማሳ ድመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች። የተዘጋ ላፕቶፕ ላይ ያ ክብደት ሲያርፍ ስክሪኑ ኪቦርዱ ላይ ይጫናል፣ ከጊዜ በኋላም ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ስትሠሩ ላፕቶፑን በማቆሚያ አዘንብሉትና ከፍ አድርጉት፣ የተለየ ኪቦርድ ተጠቀሙ። ያዘነበለ ነገር ላይ መተኛት አይመቻትም። ስትነሱ ደግሞ ክዳኑን ዘግታችሁ ብቻ አትሂዱ። አጥፉትና መሳቢያ ውስጥ አስገቡት። የላፕቶፑ ሆድ ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ድመቷንም አታስጠጉ። ያበጠ ባትሪ ክብደት ካረፈበት ሊቃጠል ይችላል።

ራውተርና ዲኮደር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ስቀሉት፣ ነገሩ አለቀ። ካልሆነ በቁሙ አቁሙት ወይም ከላዩ ድመት የማታሳልፍ ጠባብ ክፍተት ብቻ ባለው መደርደሪያ ውስጥ አድርጉት። አየር ይገባዋል፣ እሷ ግን አትገባም። በጨርቅ ወይም በካርቶን ግን አትሸፍኑት። ያ ከድመቷ የባሰ ሙቀት ያምቃል። “ጨረሩስ?” ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። የቤት ራውተር የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ ኃይሉ ከአንድ ዋት በታች ነው፤ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረርም አይደለም። እዚህ የሚያሳስበን ሙቀቱ ነው። እሷ ስትተኛበት ኢንተርኔቱ ቢዳከምባችሁ ግን አይግረማችሁ። ሰውነቷ ብዙ ውሃ ስላለበት ሞገዱን ይውጠዋል።

ቴሌቪዥን። ስስ ስለሆነ አትተኛበትም፤ ለመዝለል ስትሞክር ግን ልትጥለው ትችላለች። ግድግዳ ላይ እሰሩት።

ፍሪጅ። አናቱ ብዙ ጊዜ ለብ ያለና ከፍ ያለ ነው፣ ይሁንላት። ጀርባው ግን አይሆንም። ኮምፕረሰሩና ቱቦዎቹ ይግላሉ፣ አንዳንዱም ላይ የሚሽከረከር ፋን አለ። መግቢያውን በሽቦ ወንፊት ዝጉት፤ በጨርቅ ከዘጋችሁት ፍሪጁ አየር ያጣል።

ሂተር። ቢያንስ አንድ ሜትር ራቅ ትበል። የፀጉሯ ጫፍ ሲለበለብ ከሽታው ታውቁታላችሁ። ብቻዋን ትታችሁ ስትወጡ ሂተሩን ንቀሉት። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስም እንደዚሁ፤ ጥፍሯ ሽቦውን ይበሳዋል።

ምድጃ። እዚህ ላይ አደጋው እሷ ላይ ብቻ አይቆምም። በንክኪ የሚበሩ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች የድመትን መዳፍ ከሰው ጣት አይለዩም። የሴኡል ከተማ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከጥር 2019 እስከ ኅዳር 2021 ባለው ጊዜ በድመቶች የተነሱ 107 ቃጠሎዎችን መዝግቧል። ወደ ግማሽ የሚጠጉት የተነሱት ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ምድጃው ቁልፍ ካለው ሁልጊዜ ቆልፉት። ላዩ ላይ ፎጣ፣ ካርቶን፣ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ከቤት ስትወጡ ከሶኬቱ ወይም ከብሬከሩ አጥፉት። ምግብ ከበሰለ በኋላም ላዩ ለብዙ ደቂቃ ይፋጃል፤ እስኪበርድ ክዳን ወይም ውሃ ያለበት ድስት አስቀምጡበት።

የልብስ ማድረቂያና ማጠቢያ ማሽን። ከሁሉም ይህን አደራ እላችኋለሁ። ሞቃት፣ ጨለማ፣ ለስላሳ ልብስ የሞላበት ጉድጓድ ለድመት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ልብስ ልታወጡ ስትዞሩ ገብታ ከልብሱ ሥር ትተኛለች። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ በሕይወት የሚወጡት ጥቂት ናቸው። በሩ ሁልጊዜ የተዘጋ ይሁን። ከማስነሳታችሁ በፊት እጃችሁን እስከ ጥግ አስገብታችሁ ልብሱን ዳብሱ። ከዚያ ድመቷን በዓይናችሁ ፈልጉ። ካላያችኋት ቁልፉን አትጫኑ። “አሁን ሳሎን አይቻታለሁ” አይሠራም። ሁለት ደቂቃ ይበቃታል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ይህን ይልመድ።

ደረጃ 5፦ ገመዱን አትርሱ

ሞቃት ዕቃ ባለበት ሁሉ ገመድ አለ። ግልገሎች ጥርሳቸው ሲያሳክካቸው ያገኙትን ይቀረጥፋሉ። ገመዶቹን ሰብስባችሁ በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፏቸው። የማትጠቀሙበትን ቻርጀር ንቀሉ። ኤክስቴንሽኑን ከወለሉ አንስታችሁ ከጠረጴዛው ሥር እሰሩት፣ ምክንያቱም የድመት ሽንት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረቱንም ይበላዋል። የውሃ ሳህኗ ከሶኬት የራቀ ይሁን። የጥርስ ምልክት ያለበት ገመድ ካያችሁ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ቀይሩት።

ደረጃ 6፦ ፀጉሩን አጽዱ

በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብታበጥሯት ዕቃ ውስጥ የሚገባው ፀጉር ይቀንሳል። በወር አንድ ጊዜ ዕቃዎቹን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ እስኪበርዱ ጠብቃችሁ፣ ቀዳዳዎቻቸውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። የታመቀ አየር ከነፋችሁ ፋኑን በቀጭን እንጨት ያዝ አድርጉት፤ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ ድሮ የማይጮህ ከነበረና አሁን ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነ ውስጡ ፀጉር ተጠቅጥቋል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ጉዳት ከደረሰ

ከተቃጠለች፦ ቦታውን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አብርዱት፣ የቀረውን ሰውነቷን ሙቅ አድርጋችሁ። በረዶ አታድርጉ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ የሰው ቅባት አትቀቡ፤ ቆዳዋን ይጎዳል፣ ስትልሰው ደግሞ ሆዷ ይገባል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ቃጠሎው ትንሽ ይመስላል። እውነተኛ መጠኑ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው።

ኤሌክትሪክ ከያዛት፦ በምንም ዓይነት አትንኳት። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ ወይም ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ከገመዱ አላቋት። ከዚያ ምንም ያልሆነች ብትመስል እንኳ ሐኪም ይያት። ሳንባዋ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ከንፈሯ ወይም ምላሷ ከተላጠ፣ ለሀጯ ከተዝረበረበ ለነገ አትበሉ።

ሙቀት ከበዛባት፦ ድመት እንደ ውሻ አፏን ከፍታ ስታለከልክ ጤና አይደለም። ከተንገዳገደች ወይም የሰውነቷ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ውሰዷት፣ ፀጉሯን በለብታ ውሃ አርጥቡት፣ እያራገባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ለአንዳንዶቹ የበለጠ ጥንቃቄ

ግልገሎች፣ ያረጁ፣ በጣም የከሱ፣ ፀጉር የሌላቸው ዝርያዎች፣ መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸውና ከማደንዘዣ ገና ያልነቁ ድመቶች ሙቀት አብዝተው ይፈልጋሉ። ሲበዛባቸው ግን ፈጥነው መነሣት አይችሉም። ለእነሱ የምትሰጡትን ማንኛውንም ማሞቂያ በየሰዓቱ በእጃችሁ እዩት።

ሌላም ነገር አለ። ሙቀት ግድ የማይሰጣት ድመት በድንገት ከሞቃት ዕቃ ላይ አልነሣም ካለች፣ በተለይ ካረጀች፣ ከከሳች ወይም ውሃ መጠጣት ካበዛች፣ ዕቃውን ትታችሁ ድመቷን አስመርምሩ። የኩላሊት ሕመምና የደም ማነስ ብርድ ብርድ ያሰኛሉ።

በሳምንት አንድ ቀን ሆዷን፣ ብብቷንና የጎኖቿን ፀጉር በሁለት ጣት እየከፈላችሁ እዩ። የምትፈልጉት መቅላት፣ ቅርፊት፣ የሳሳ ፀጉር ወይም የጠቆረ መስመር ነው። እኔ እሁድ እሁድ አደርገዋለሁ፤ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚሚ ያቺ ቀይ ቦታ ከዳነች በኋላ ፀጉሯ እስኪሞላ ሁለት ወር ፈጀ። አሁን ስገልጠው የት እንደነበረች ራሴም አላገኛትም።